ጀማሪዋ ነርስ ወዴት ትሂድ?

መቼም በአገራችን ሥራ መምረጥ የሚባለው ነገር እንደ ቅንጦት ሲቆጠር ኖሯል። “ሥራ አገኘህ ወይ?” እንባባላለን እንጂ “የትኛውን መረጥክ?” ብሎ መጠየቅ አልለመደብንም። በተለይ ዛሬ ዛሬ፣ ከጤና ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች “በጀት የለም” እየተባሉ ዲግሪያቸውን ታቅፈው ቤት በሚውሉበት ዘመን፣ “ከዚህኛውና ከዚያኛው ሆስፒታል የቱ ይሻለኛል?” የምትል ጀማሪ ነርስ ብትገኝ “ጠግባለች!” መባሏ አይቀርም። እኔ ግን ጥያቄዋ የጥጋብ አይመስለኝም። ምርጫ የሌለው ሰው ቢያንስ ኅሊናው ያርፋል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድረው ምርጫ ያለው ነው።

ነገሩን በአየር ላይ ከምናወራው ከአንድ ሰው ጋር አያይዘን ብናየው ይሻላል። የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገቻት፣ አራት ዓመት ተምራ የነርስነት ዲግሪዋን የያዘች፣ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃድ ምዘናውንም ያለፈች ልጅ። ሦስት በር ተከፈተላት። አንደኛው እዚሁ አዲስ አበባ ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ ደሞዙ የመንግሥቱን እጥፍ ይጠጋል፣ ወለሉ ያብረቀርቃል። ሁለተኛው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ከየክልሉ “ሪፈር” የተባለ ሕመምተኛ የሚጎርፍበት፣ አስታማሚ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድርበት። ሦስተኛው የእናቷ የትውልድ አገር የተከፈተ፣ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው የሚደርሱበት የወረዳ ሆስፒታል ነው።

“ጋሼ፣ እርስዎ የቱ ይሻላል ይላሉ?” አለችኝ።

“አንቺስ ምን አሰብሽ?”

“እኔማ ጠዋት ያሰብኩት ማታ ይለወጥብኛል። እናቴን ሳያት ወደ ግሉ፣ መጽሐፌን ሳይ ወደ ትልቁ፣ የተማርኩበትን ምክንያት ሳስብ ወደ ወረዳው።”

እናትየው በበኩላቸው ቁርጥ ያለ መልስ አላቸው፦ “እኔ ከዚያ አገር ያመለጥኩት አንቺ እንድትመለሺበት ነው እንዴ?”

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይቺ ልጅ ሦስት አበዳሪ አለባት። አንደኛዋ እናቷ ናቸው። ሁለተኛው አገሩ ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በወጪ መጋራት ውል የሚፈርመው ከወጪው የተወሰነውን ሊመልስ ነው፤ የቀረውን የሚሸፍነው ሕዝቡ ነው፣ ሆስፒታል ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው ገበሬ ጭምር። ሦስተኛዋ አበዳሪ ራሷ ናት። ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መማር ትፈልጋለች፣ መኖር ትፈልጋለች፣ አንድ ቀን የራሷ ቤት እንዲኖራት ትፈልጋለች። ይኼም ሐቅ ነው።

እኛ ከተማ ተቀምጠን የምንጽፍ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ የለመድነው መልስ አለን። “ወደ ገጠር! ወደ ተቸገረው ወገን!” ማለት ይቀናናል። መልሱ ያምራል። አንድ ነገር ግን ያስተዛዝባል፦ ይኼን የምንለው ለማን ልጅ ነው? ለራሳችን ልጅ ሲሆን “እስኪ መጀመሪያ እዚህ ትደላደል” እንላለን፤ የእንጀራ ሻጯ ልጅ ስትሆን መሥዋዕትነትን እንሰብካለን። የቤት ኪራይ ደግሞ በመሥዋዕትነት አይከፈልም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደሞዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ብዙዎቻችን “ሙያው እኮ የርኅራኄ ነው” ብለን ተቆጣን። ርኅራኄን ከአንድ ወገን ብቻ መጠበቅ ምን ይባላል? እኔ ቢያንስ ፍትሕ አልለውም።

“ወደ ወረዳው!” የሚለው ድምፅ ግን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ይኼ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። የወረደው በመፈክር አይደለም። በየቀበሌው በተመደቡት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየጤና ጣቢያው ባሉ አዋላጆችና ነርሶች እጅ ነው። 412 ራሱ ደግሞ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሞት በእርግዝና በኩል ሲመጣ ማዕረግ እንደማይጠይቅም እናውቃለን። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማረች፣ በሙያው የተመሰከረላት ነበረች። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ስታርፍ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ኋላ ጦር ኃይሎች ተባለ። ያኔ የንጉሥ ልጅ፣ ዛሬ የገበሬ ሚስት፤ ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው በሰዓቱ የደረሰ የሠለጠነ እጅ ነው።

ታዲያ ክብደቱ ከሁለቱም ወገን ከሆነ በምን እንመዝን?

ቀደም ባለው ዘመን መልሱ ቀላል ነበር። ተመራቂ ሁሉ በመንግሥት ይመደባል፣ አንዳንዴም ዕጣ ያወጣል። ጎዴ የወጣለት ጎዴ፣ መተማ የወጣለት መተማ። ዕጣ ጥሩ ጎን አለው፤ የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ አንድ ሣጥን ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ። (ከሣጥኑ በስተጀርባ ስልክ የሚደውል ዘመድ ከሌለ ነው እንግዲህ!) ከዚያም በላይ ዕጣ ኅሊናን ያሳርፋል። “እኔ አልመረጥኩም” ማለት ይቻላል። ጉዳቱም ያው ራሱ ነው፤ ያልመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ልቡን ሳያመጣ ይመጣል፤ ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር ይጠይቃል።

ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1945 ባደረገው ንግግር ስለ አንድ ተማሪው ያነሣል። ወጣቱ አገሩ በናዚ ተይዛለች፤ ሄዶ መዋጋት ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም የሌላት እናት አለችው። የቱን ልምረጥ አለው። ሳርትር ነፃ ነህ፣ ምረጥ ብሎ መለሰው። የሥነ ጽሑፍ መምህር በነበርኩ ጊዜ ይኼን ታሪክ ክፍል ውስጥ ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ይናደዱ ነበር። “ይኼ ምን መልስ ነው?” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለጎረቤቴ ልጅ “ነፃ ነሽ፣ ምረጪ” ብላት ከመጣችበት ባዶ እጇን መሸኘት ነው። ሳርትር አንድ ነገር የዘለለ ይመስለኛል፦ ሰው ቦታን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቦታው በተራው ሰውን ይሠራዋል።

አበው “ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች” ያሉት ዝም ብለው አይደለም። አርስቶትልም ቢሆን ቃሉን አለዘበው እንጂ ያስተማረው ከዚህ አይርቅም። ግንበኛ ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት ነው፤ ደህና እየገነባ የኖረ ደህና ግንበኛ፣ እያበላሸ የኖረ መጥፎ ግንበኛ ይሆናል። ደግነትና ፍትሐዊነትም እንዲሁ በሥራ የሚለመዱ ናቸው፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ የለመዱት ነገር ሁሉን ይወስነዋል ይላል። ለጀማሪ ነርስ የመጀመሪያው ሆስፒታል ማለት ዓይኗ “ይኼ የተለመደ ነው”ና “ይኼ ነውር ነው” ብሎ መለየት የሚማርበት ቤት ነው።

ልጅቷ ለልምምድ በወጣችባቸው ቦታዎች ያየችውን ሁለት ነገር ነገረችኝ። በአንዱ ክፍል አንድ ነርስ ሌሊት መስጠት የነበረባትን መድኃኒት ሳትሰጥ ቀረች። ሲነጋ ካርዱ ላይ “ተሰጥቷል” ብላ ጻፈች። “እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው” አለቻት ለተማሪዋ፣ በክፋት ሳይሆን ምክር እንደምትለግስ ታላቅ እህት። በሌላው ክፍል ደግሞ ጠዋት ተረኞቹ ሲረካከቡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ሲስተር ተነሥተው “የሰባት ቁጥርን መድኃኒት ሁለት ሰዓት አሳልፌያለሁ፤ ተከታተሉልኝ” አሉ። ማንም አልጮኸባቸውም። ሐኪሙ ሄዶ ሕመምተኛውን አየው፤ ካርዱ ላይ እንደሆነው ሆኖ ተጻፈ።

እነዚህ ሁለት ክፍሎች የት የት እንደሆኑ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። የመጀመሪያው ወለሉ የሚያብረቀርቀው ነው። ሁለተኛው ቀለሙ የተላጠ፣ ጓንት ቆጥረው የሚጠቀሙበት ነው። በሌላ ከተማ ተገላብጦ ሊገኝ ይችላል፤ የግል መጥፎ፣ የመንግሥት ጥሩ ማለቴ አይደለም። ውሸት የሚለመድበትን ቤትና እውነት የሚለመድበትን ቤት ግን ከግድግዳው ቀለም መለየት አይቻልም።

ማርሊን ክሬመር የምትባል አሜሪካዊት የነርስነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው መጽሐፍ አዳዲስ ነርሶች ትምህርት ቤት የተማሩት እሴትና ሥራ ላይ ያገኙት ልማድ ሲጋጭባቸው ምን እንደሚደርስባቸው አሳይታለች። አንዳንዱ ሙያውን ጥሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ የተማረውን ጥሎ ይቀራል። አንድሩ ጄምተን የተባለ ፈላስፋ ደግሞ በ1984 ለሌላኛው ሕመም ስም አወጣለት፦ ትክክለኛውን ነገር ማወቅ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን እንዳትሠሪው እጅሽን መያዙ። የሞራል ጭንቀት አለው። በአማርኛችን “እያወቁ መቃጠል” ብንለው ይቀርባል። ደሞዝ ሲያንስ ሰው ይርበዋል፤ ይኼ ሲበዛ ግን ሰውዬው ራሱ ያልቃል።

አንቶን ቼኾቭ ራሱ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው “ክፍል ቁጥር 6” በተባለው ረዥም ልብ ወለዱ ውስጥ ዶክተር ራጊን የሚባል ሰው አለ። ራጊን አንድ ርቆ የሚገኝ ከተማ ሆስፒታል ሲመደብ ቆሻሻውንና ዘረፋውን አይቶ ይኼ ቤት ሞራል የሌለው ነው ብሎ ፈርዷል። መጀመሪያ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ይሠራ ነበር። ብቻውን ነው፤ ጠባዩም ለማዘዝ አይመችም። ቀስ በቀስ ታከተው። ማታ ማታ ቢራውን ይዞ መጽሐፍ ማንበብ፣ ሥቃይን መናቅ ይቻላል እያለ መፈላሰፍ ጀመረ። መጨረሻ ላይ እዚያው ባላየ ባልሰማ ያለፈው የእብዶች ክፍል ውስጥ እሱ ራሱ ተቆለፈበት፤ ሥቃይ ምን እንደሆነ በጠባቂው ቡጢ ተማረ፤ በማግሥቱም ሞተ። ቼኾቭ ክፉ ሰው አላሳየንም። ደህና ሰው ብቻውን መጥፎ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው ያሳየን።

“ታዲያ ጥሩዎቹ ሁሉ ጥሩ ቤት ፈልገው ከገቡ መጥፎው ቤት ለማን ይቀራል?” የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ልዘለው አልችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንረሳው አንድ ሰው አለ፤ ሕመምተኛው። ስለ ጀማሪዋ ስንከራከር እናቷን አነሣን፣ አገርን አነሣን፣ ራሷን አነሣን። አልጋው ላይ የተኛውን ግን አልጠየቅነውም። ጀማሪ የሚማረው በሰው ገላ ነው። ፓትሪሻ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ሥራ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃ እንደምታልፍ ጽፋለች። ጀማሪዋ ደንቡን እያስታወሰች ትሠራለች፤ የበሰለችው ግን ሕመምተኛው ሊከፋበት መሆኑን ገና በር ላይ ቆማ ፊቱን አይታ ታውቃለች። ይኼ ዕውቀት ከመጽሐፍ አይገኝም፤ አጠገብ ከቆመ ሰው ነው የሚቀዳው። እንግዲህ የትናንት ተመራቂ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሐኪም በሌለበት፣ ደም እየፈሰሳት ከመጣች ወላድ ጋር ብቻዋን ስትቆም “ለወገን ደረሰች” እንላለን? ወላዷ ድሃና ሩቅ አገር ስለሆነች መለማመጃ ትሁን ያለው ማን ነው? አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ነርስ ያስፈልገዋል፤ ብቻዋን የተጣለች ነርስ ግን አይገባውም።

ስለዚህ “ወደ ተቸገረው ሂጂ” የሚለው ምክር ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለላኪው ነው። በአገራችን በጣም የሩቁ ቦታ በጣም ጀማሪው የሚላክበት መሆኑ የኖረ ልማድ ነው። የበሰለው ወደ ከተማ ይጠጋል፣ ጨቅላው ወደ ዳር ይገፋል። ውትድርና እንኳ እንዲህ አይሠራም። አንድ የበሰለች ሲስተር የሚያስቀር ቤትና አበል ያላዘጋጀ ወረዳ፣ ሦስት ጀማሪ ቢቀጥር በዓመቱ ሦስቱንም ያጣቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ራጊን አጠገቡ ሁለት ሰው ቢያገኝ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አራተኛ በርም አለ፤ ሳላነሣው አላልፍም። ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ የሚወስደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ባለሙያ ቅጥርን የሚመለከት የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል፤ በ2023 ባወጣው፣ ባለሙያቸው ሊጠበቅላቸው ይገባል ባላቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥም ኢትዮጵያ አለች። ደንቡ የሚገሥጸው ቀጣሪውን መንግሥት ነው፤ ልጅቷን ሂጂ ወይም ቅሪ አይላትም፣ ሊላትም አይገባም። መሄድ ኃጢአት አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውጭ ያለው ቀጣሪ የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው ሆስፒታል መሰላል ሆኗል። መሰላል ደግሞ ይረገጣል እንጂ አይታይም። “ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ነው” ብላ የገባች ልጅ አልጋው ላይ ያለው ሰው ቀን መቁጠሪያ እንዳይሆንባት እሰጋለሁ።

እንግዲህ ለልጅቷ ምን አልኳት? የቱ እንደሚሻል አልነገርኳትም። ምን እንደምትመለከት ግን ነገርኳት። ልጄ፣ ውል ከመፈረምሽ በፊት ሦስቱንም ቤት ሂጂና እይ፤ ቀን ብቻ ሳይሆን ማታም። ተረኞች ሲረካከቡ ቁሚና ስሚ፦ ስህተት ጮክ ብሎ ይነገራል ወይስ ይንሾካሾኩበታል? ሌሊት ከአንቺ በላይ የምታውቅ ሰው በግቢው ውስጥ አለች ወይ? ባለፈው ዓመት የገቡት ጀማሪዎች የት ናቸው? ሁሉም ከለቀቁ ለምን እንደለቀቁ ጠይቂ። ጫማ የሌለው ሕመምተኛ ሲመጣ በምን ቋንቋ ነው የሚያናግሩት? ደሞዙንም ጠይቂ፤ አትፈሪ፣ የእናትሽ ጉልበት አልቋል። ግን ደሞዙን መጨረሻ ላይ ጠይቂ።

“ሦስቱም ጋ መልሱ መጥፎ ከሆነስ?” አለችኝ።

እውነትም ሊሆን ይችላል። ያኔ ብቻሽን አትግቢ አልኳት፤ አብሮሽ ከተመረቀ ሰው ጋር ግቢ። ሁለት ሰው “ይኼ ልክ አይደለም” ሲባባል ነውሩ ነውርነቱን አይረሳም። አንዱ ሲደክም ሌላው ያስታውሰዋል። ያም ካልተገኘ በሌሊት ያየሽውን የምትጽፊበት ደብተር ይኑርሽ። ለማንም ለማሳየት አይደለም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ላይ ምን ያስደነግጥሽ እንደነበር እንድታውቂ ነው።

ዕዳን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዕዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈል የሚል ሕግ የለም። ሁለት ዓመት ከደህና ሲስተር እጅ ሥር ተምሮ፣ በልቶ፣ እናትን ረድቶ፣ ከዚያ እጅን ይዞ ወደ ወረዳው መሄድ ባዶ እጅን ይዞ ከመሄድ ይሻላል። “ከዚያ” የሚለው ቃል ግን አታላይ ነው፤ ከተማ ሰውን ቀስ አድርጎ ነው የሚያስረው፤ በዕቁብ፣ በማኅበር፣ በትዳር። ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥ፣ ለአንድ ሊታዘብ ለሚችል ሰው መንገር ይበጃል። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ሲያፈርስ ምስክር ከሌለ አያፍርም።

ይኼ ሁሉ ለእሷ ነው። ለእኛስ? እኛ አስታማሚ ሆነን ሆስፒታል ስንገባ ጀማሪዋን ነርስ የምናውቃት በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ “ሲስተርዬ!” እያልን ስንለማመጣት፣ ወይ ስንሰድባት። ለሠላሳ አልጋ ሁለት ሆና እያደረች “ፊቷን አጨፈገገችብኝ” ብለን እንከሳለን። አልጋውን ግን አንቆጥርም። ሆስፒታል የሚመሩ ሰዎችም በየዓመቱ የስንት ጀማሪ ዓይን መደንገጥ እንዳቆመ መዝገብ አይዙም። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ከሞት መዝገቡ አጠገብ መቀመጥ በተገባው ነበር፤ የአንዱ ገጽ ሌላኛውን ያስረዳልና።

እናንተም ቤት በዚህ ዓመት የተመረቀች ነርስ ካለች፣ “ስንት ይከፍሉሻል?” ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት “ሌሊት ማን አብሮሽ አለ?” ብላችሁ ጠይቋት። ደሞዙን እሷው ትነግራችኋለች።